«እማ፣ ጋንዳልፍ እኮ ጌይ ነው»

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ቅዳሜ ማታ ከልጆቼ ጋር ፊልም ማየት ልማዳችን ነው፣ መራጯም እኔ ነኝ፣ ባብዛኛው ክርስቲያን ደራሲዎች ከጻፏቸው መጽሐፎች የተሰሩትን ነው የማመጣው ቢያንስ እዛ ውስጥ ጉድ አይገጥመንም ብዬ። ባለፈው ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን እያየን፣ ልክ ጋንዳልፍ ድልድዩ ላይ ቆሞ ያንን እሳታም ፍጡር አላሳልፍም የሚልበት ቦታ ላይ፣ የ12 አመቱ ልጄ ስልኩን ሲጎረጉር ቆይቶ «እማ፣ ጋንዳልፍ እኮ ጌይ ነው» አለኝ። ሪሞቱን አንስቼ ፖዝ አደረግኩት፣ ከዛ ግን የምለው ጠፋኝ። ባለቤቴ «ዝጊው» አለ፣ ትልቋ ልጄ «ምን አገናኘው?» ብላ ተነስታ ሄደች፣ በቃ ሳንጨርሰው ተኛን። ለጸሎት ቡድናችን ሳነሳው ደግሞ አንዷ እህት ናርኒያ የሚባለውን ፊልምም እንዳታሳያቸው፣ እዛም ውስጥ አለ አለችኝ። ማሳየቴ ስህተት ነው? ልጄንስ ምን ልበለው?
ግራ የገባኝ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅሽን እንድታርሚው እፈልጋለሁ፣ ጋንዳልፍ ጌይ አይደለም። ጋንዳልፍ የመጽሐፉ ደራሲ ቶልኪን የፈጠረው ሽማግሌ ጠንቋይ ነው (እዚህ ጋ ትንሽ ሳቄ መጣ፣ ጠንቋይነቱ ሳያስደነግጣችሁ ተዋናዩ አስደነገጣችሁ)። ቶልኪን አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፣ በአንድ ደብዳቤው ላይ ጋንዳልፍን ስጋ የለበሰ መልአክ ልትሉት ትችላላችሁ ብሎ ጽፏል፣ ስለዚህ ቃሉ እንደሚያስፈራው አይነት ጠንቋይም አይደለም።

ጌይ የሆነው ተዋናዩ ኢያን ማኬለን ነው። እሱም ደብቆት ተደርሶበት አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ቢቢሲ ሬዲዮ ላይ በራሱ አንደበት ተናግሮታል። የመጀመሪያው ፊልም የወጣው በ2001 ነው፣ 13 አመት ቆይቶ ማለት ነው፣ ያኔ ፊልሙን አይተው የወደዱት ስፍር ቁጥር የሌላቸው አማኞች ማወቅ ከፈለጉ ማወቅ ይችሉ ነበር። ሰውየውን ላሳምርልሽም አልፈልግም፣ ሆቴል ሲያርፍ ክፍሉ ውስጥ ከሚያገኘው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ይሄን ጉዳይ የሚያወግዘውን የዘሌዋውያን ገጽ እንደሚቀድ ራሱ ተናግሯል፣ እኔ ይሄን ሳነብ ደስ አላለኝም። ግን ድልድዩ ላይ ስታይው የምታይው እሱን አይደለም፣ ቶልኪን የጻፈውን ነው፣ ጓደኞቹ እንዲያመልጡ ብሎ ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ ሽማግሌ ነው የምታይው፣ ማኬለን ደግሞ ያንን ጥንቅቅ አድርጎ ነው የሰራው።

የናርኒያዋ እህት በመረጃው አልተሳሳተችም። በ2005ቱ ፊልም ላይ የቀበሮው ድምጽ የሩፐርት ኤቨረት ነው፣ እሱም ጌይነቱን ያልደበቀ ሰው ነው። ቀበሮው ምን እንደሚያደርግ ግን ታስታውሳለች ወይ? ተኩላዎቹ ልጆቹን ሲያሳድዱ በተሳሳተ አቅጣጫ የሚልካቸው እሱ ነው፣ በኋላም ጠንቋይዋ ድንጋይ ታደርገዋለች። ልጆች እዛ ጋ የሚያዩት ፈርቶም ቢሆን ትክክለኛውን ነገር የሚያደርግ ቀበሮ ነው እንጂ የተዋናዩ የግል ሕይወት አንድም ቦታ አይገባም።

የናርኒያ ደራሲ ሲ ኤስ ሉዊስ ራሱ ስለዚህ ጉዳይ ያለው ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አይጠቅሰውም። በ1955 ባሳተመው የራሱ የሕይወት ታሪክ ላይ ስለ ልጅነት አዳሪ ትምህርት ቤቱ ሲጽፍ፣ ፈጽሞ ተፈትኜባቸው የማላውቃቸው ሁለት ኃጢአቶች አሉ፣ አንዱ ቁማር ሌላው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ጦር ሜዳ ላይ ገጥሜው የማላውቀውን ጠላት እየጮህኩ አላወግዝም ይላል። ልብ በይ፣ ኃጢአት አይደለም አላለም። የሱን ንግግር ወደ ራሳችን ብናመጣው ስንቶቻችን ዝም እንደምንል እግዜር ይወቅ።

አሁን የባለቤትሽን ነገር እንይ፣ እሱንም በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም ምክንያቱም ከጀርባው እውነተኛ ጭንቀት አለ፣ በተለይ ተዋናዩ ጠንቋይ ወይ ቀበሮ ሳይሆን የእምነት ሰው ሲጫወት። ለዚህ ትልቁ ምሳሌ በ2006 የወጣው ኤንድ ኦፍ ዘ ስፒር ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው፣ በ1956 ኢኳዶር ጫካ ውስጥ አምስት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን እዛው ጫካ በሚኖሩ የዋኦዳኒ ጎሳ ሰዎች በጦር ተገደሉ፣ አንዱ ፓይለቱ ኔት ሴይንት ነበር፣ ልጁ ስቲቭ ሴይንት ደግሞ አድጎ ከገዳዮቹ ጋር ቤተሰብ ሆነና መጽሐፍ ጻፈው። ፊልሙ ላይ አባትየውንም ካደገ በኋላ ያለውን ልጁንም የተጫወተው ቻድ አለን ነው፣ ጌይ መሆኑ በይፋ የሚታወቅ ተዋናይ። አዘጋጆቹ ያወቁት ስራውን ከሰጡት በኋላ ነው፣ ቢፈልጉ ሊሰርዙት ይችሉ ነበር፣ ቃላችን ቃል ነው ብለው ቀጠሉ። ከዛ መአት ወረደባቸው፣ ለሰማዕት ክብር አይደለም ያሉ ፓስተሮች አሉ፣ ሄደው አይተው አልቅሰው የወጡም አሉ።

የተቆጡት ሰዎች ክርክር ይገባኛል፣ ሰማዕትን የሚጫወት ሰው ሕይወቱም መምሰል አለበት ነው የሚሉት። ግን እንደዛ ከሆነ ይሁዳን የሚጫወተው ከሃዲ መሆን አለበት፣ ሄሮድስን የሚጫወተውም ሕፃናት ገዳይ። ደሞስ ተዋናዩን ብቻ ለምን? ፊልሙ ሲያልቅ ስንት መቶ ስም ነው ከታች ወደ ላይ የሚወጣው፣ ድምጽ የቀዳው፣ ልብስ የሰፋው፣ መብራት የያዘው፣ እነሱን ማን ጎግል አደረጋቸው? ሶስቴ የፈታው፣ ሚስቱን የሚማታው ዋና ተዋናይ ሲመጣ ሪሞቱን ማን ያነሳል? ባለቤትሽ ዝጊው ማለት መብቱ ነው፣ ግን መለኪያው ለሁሉም አንድ ይሁን፣ አለበለዚያ ልጆቹ በደንብ ይቆጥሩታል።

እኔን ሁሌ የሚያስገርመኝ የኢያን ቻርልሰን ነገር ነው። ይሄኛው እንኳን ከልብወለድ የተሰራ አይደለም፣ የ1981ዱ ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር ነው፣ በ1924ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ በሰንበት አልሮጥም ብሎ በኋላ 400 ሜትር ያሸነፈው የኤሪክ ሊደል ታሪክ። ቻርልሰን ሊደልን ለመጫወት መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አነበበ። ሊደል ዝናብ ላይ ቆሞ ለተሰበሰበው ሕዝብ እምነትን ከሩጫ ጋር እያመሳሰለ የሚናገራትን ንግግርም የጻፈው እሱ ራሱ ነው፣ የተሰጠው ስክሪፕት አልጥመው ብሎ። ቻርልሰን ጌይ ነበር፣ በ1990 በ40 አመቱ በኤድስ ሞተ። ያቺን ቦታ አይተው እምነታቸው የተጽናና ሰዎች አሉ፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ ስለ ቻርልሰን ያወቅኩት ከብዙ አመት በኋላ ነው፣ ሳውቅም ተመልሼ አየሁት፣ ንግግሯ አልተለወጠችም።

በነገራችን ላይ ቅሬታ የሚገባበት ቦታ የለም አላልኩም። ፊልሙ የደራሲውን ሀሳብ ገልብጦ ካመጣው፣ ወይ ለልጅ የማይሆን ትዕይንት ከጨመረበት ዝጊው፣ እኔም እዘጋዋለሁ። እሱ ግን ስክሪኑ ላይ ስላለው ነገር ነው።

ለልጅሽ አጭር አድርጊው። «አዎ ልክ ነህ፣ ተዋናዩ ጌይ ነው፣ ራሱ ነው የተናገረው፣ እኛ ስለዚህ ጉዳይ የምናምነው እንዲህ ነው፣ ሰውየው ላይ ግን አንቀልድም አንሰድብም» በይው፣ የምታምኚውንም ሳትፈሪ ንገሪው፣ እሱ ቤትሽ ነው። የቃላት ምርጫሽ ላይ ግን ተጠንቀቂ፣ ልጆችሽ ወይ ከጓደኞቻቸው አንዱ እንዲህ አይነት ነገር በልቡ ይዞ ቢሆን ያን ማታ የሰማውን ቃል ነው ይዞ የሚያድገው፣ ለናንተ ይንገር አይንገርም የሚወስነው በሱ ነው። ትልቋንም ጥሪያትና ጥያቄዋን መልሺላት፣ ምን አገናኘው ያለችው ለማመጽ አልመሰለኝም። ከዛ ፊልሙን ካቆማችሁበት ቀጥሉ፣ ጋንዳልፍ ገና አልወደቀም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከአንድ መንፈሳዊ መጽሐፍ የተወሰደ አጭር ፊልም እየሰራን ነው፣ ዋናው ተዋናያችን ጌይ ነው የሚል ወሬ ተነሳና የፊልሙ ሰራተኛ ግማሹ አስወጣው እያለኝ ነው፣ ቀረጻው ደግሞ ተጋምሷል።
ዳይሬክተሩ

መልስ፦ ወሬ ነው ያልከው አንተው ነህ። በወሬ ሰው አይባረርም፣ እውነት ቢሆን እንኳን የኤንድ ኦፍ ዘ ስፒር አዘጋጆች ነገር ከላይ አለልህ፣ ቃል ሰጥተሃል። ተዋናዮችህ የሆነ የእምነት መግለጫ እንዲፈርሙ ከፈለግክ ለቀጣዩ ፊልም ከቀረጻ በፊት ለሁሉም እኩል አቅርበው፣ ላስወጣው ባዮቹም ጭምር። ለአሁኑ ልጁን ለብቻው ጥራውና ወሬውን ከሌላ ሰው ሳይሰማ አንተ ንገረው፣ ምንም እንዲያረጋግጥልህ አትጠይቀው፣ የሚቀጥለው ቀረጻ ስንት ሰአት እንደሆነ ብቻ ንገረው።