ወንድሜን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ልመልሰው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ታላቅ ወንድሜ የቡና ንግድ ከጀመረ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቁሟል፤ 6 ዓመት ሆነው። እሑድ ጠዋት ነጠላችንን ለብሰን ስንወጣ እሱ ተኝቷል። እቀሰቅሰዋለሁ፤ እንጣላለን። ባለፈው እናታችንን "ልጅሽን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ" እስከማለት ደረስሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላሙ ከአንቺም ጋር ይሁን። ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው "ልጅሽን" በምትለዋ ቃል ላይ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም ነበረው። ታላቁ ከእርሻ ሲመለስ ለታናሹ መመለስ የተደረገውን የደስታ ድምፅ ሰምቶ ተቆጣ፤ አልገባም አለ። ለአባቱ ሲናገርም "ወንድሜ" ማለት ተናንቆት "ይህ ልጅህ" አለ። አባትየው ግን "ይህ ወንድምህ" ብሎ መለሰለት። ከቤት ርቆ የማያውቀው ልጅ በዚያች ሰዓት ከደጅ የቆመው እሱ ነበር።

ስለዚህ ከአንቺ እጀምራለሁ፤ አትቀየሚኝ። ወንድምሽን ይቅርታ ጠይቂው። "እሑድ እሑድ ስጮህብህ ኖሬያለሁ፤ ይቅር በለኝ" በይውና "ግን" የምትለውን ቃል ሳታስከትዪ ዝም በዪ። እናትሽንም እንዲሁ።

ከዚያ ለምን እንደቀረ ጠይቂው፤ መልሱንም ሳታቋርጪ ስሚ። ቡና በሚለቀምበት ወራት የነጋዴ ቀንና ሌሊት እንደማይለይ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ወራቱ ያልፋል። 6 ዓመት ሙሉ ያስቀረው ንግድ ብቻ አይመስለኝም። የእኔ አባት በአንድ የቀብር ቀን ከደብሩ ሰዎች በሰማው ቃል ተቀይሞ ለዓመታት የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠም። ነጭ ጋቢው ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ አቧራ ሲጠጣ አስታውሳለሁ። እናቴ አንድ ቀን እንኳ "ሂድ" አላለችውም። በ21 ከማርያም ማኅበር ስትመለስ በኮባ የተጋገረውን ዳቦ ቆርሳ በሁለት እጇ ትሰጠዋለች። እሱም ከመቀመጫው ተነሥቶ ይቀበላታል፤ አማትቦ ይበላል። ተነሥቶ መቀበሉን ያስተዋልሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እምነቱ አልጠፋም ነበር፤ ያዘነው በሰው ነው። የመለሱትም አንድ ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ ቤታችን መጥተው፣ እሳቸው ባልተናገሩት ቃል ይቅርታ ጠየቁት።

የወንድምሽ ምክንያት ቅያሜ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የማገኘው ኀፍረት ነው። ለሥጋ ወደሙ ንስሐና የ18 ሰዓት ጾም እንደሚያስፈልግ ያውቃል፤ "መጀመሪያ ሕይወቴን ላስተካክል" እያለ ይከርማል። ይህ ታምሞ "ሲሻለኝ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ" እንደማለት ነው። ቀኖና መድኃኒት እንጂ የገንዘብ ቅጣት አይደለም፤ የንስሐ አባት የሚሰጠውም እንደ ሰውየው አቅም ነው። ይህን ግን አንቺ አትስበኪው፤ ሲጠይቅሽ ንገሪው። ሐዋርያው ጴጥሮስ የማያምኑ ባሎች ያሏቸውን ሴቶች ያለ ቃል፣ በኑሯቸው እንዲማርኳቸው መክሯል፤ ለእኅትም የሚሆን ምክር ነው።

የንስሐ አባታችሁን ቤት ብትጠሩ መልካም ነው። ሆኖም ለወንድምሽ አስቀድመሽ ንገሪው። ሳያውቅ ከካህን ፊት ማስቀመጥ ወጥመድ ይሆንበታል፤ ሁለተኛ አያምንሽም። ፈቃደኛ ሲሆን ደግሞ በቀጥታ "ቁረብ" አትበዪው። የጠዋቱ የኪዳን ጸሎት አጭር ነው፤ ገበያ ሳይሞቅ ያልቃል። ከዚያ ይጀምር።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን ተሸክመው ጣራ ነድለው ያወረዱትን አራት ሰዎች አስቢ። ጌታ "እምነታቸውን አይቶ" ይላል፤ የተሸካሚዎቹንም እምነት አየ። እናትሽ፣ አንቺ፣ የንስሐ አባታችሁ ሦስት ናችሁ፤ አራተኛ የሚወደውን አንድ ጓደኛ ፈልጊለት። የክርስትና ስሙን ለካህኑ ሰጥተሽ በጸሎት እንዲታሰብ አድርጊ።

በመጪው እሑድ አትቀስቅሺው። ስትወጪ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊ፤ ስትመለሺ እሱ ያመጣውን ቡና አፍልተሽ ከእናታችሁ ጋር አብራችሁ ጠጡ።