ሊፍት ከተገጠመ በኋላ የሚመጣ ንዝረት፦ የሻፍት ማዕዘን ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አራቱ ጥያቄዎች ከተለያየ ቦታና ከተለያየ መኪና የመጡ ናቸው። የሁሉም መነሻ ግን አንድ ነው፤ መኪናው በሊፍት (ከፍ በሚያደርግ ሞላና ባሌስትራ) ከፍ ሲል የፕሮፔለር ሻፍቱ (ኃይልን ወደ አክሱሉ የሚያደርሰው ዘንግ) ማዕዘን ተለውጧል፣ የለካው ሰው ግን የለም።

ጥያቄ፦ ላንድክሩዘር 78 አለኝ፤ ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ ጎማው 7.50 በ16፣ የኋላ ሻፍቱ አንድ ወጥ ነው። ለገጠር ሥራ እንዲመቸኝ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ሞላና ባሌስትራ አስገጠምኩ። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ከ80 ሲያልፍ ወለሉ መንዘር ጀመረ። መካኒኩ «ፒኞኑ (ሻፍቱ የሚያዞረው የዲፈረንሻሉ መግቢያ ጥርስ) ወደ ትራንስፈሩ (ኃይልን ለፊትና ለኋላ ሻፍት የሚያከፋፍለው ሳጥን) ቀና ብሎ ማየት አለበት» ብሎ ከኋላ በባሌስትራውና በአክሱሉ መሐል ባለ 4 ዲግሪ ሽብልቅ (አንድ ጫፉ የወፈረ ብረት) አስገባ፤ ጭራሽ ባሰበት። ሻፍቱን ባላንስ አስደረግኩ፣ ለውጥ የለም። ምን ይሻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሽብልቁን ያስወጡት። መካኒክዎ የተከተለው ሕግ በራሱ ስህተት አይደለም፤ ግን የሚሠራው ለሌላ ዓይነት ሻፍት ነው።

ክሮቼራ (በሻፍቱ ጫፎች ላይ ያለው ባለ መስቀል መታጠፊያ) በማዕዘን ሲሠራ የተቀበለውን ዙር እኩል አድርጎ አያስተላልፍም። ትራንስፈሩ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቢያዞረውም ሻፍቱ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ማዕዘኑ 3 ዲግሪ ሲሆን የፍጥነቱ መዋዠቅ ወደ 0.14 በመቶ ነው፤ በ6 ዲግሪ 0.55፣ በ10 ዲግሪ 1.5 በመቶ ይደርሳል። የኋላው ክሮቼራ ከፊተኛው ጋር እኩል ማዕዘን ላይ ከሠራ የፊተኛው ያመጣውን መዋዠቅ መልሶ ያጠፋዋል፣ ፒኞኑም በእኩል ፍጥነት ይዞራል። ፋብሪካው የትራንስፈሩን መውጫና ፒኞኑን ትይዩ አድርጎ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ፒኞኑ ወደ ትራንስፈሩ እንዲያይ የሚደረገው ከትራንስፈሩ በኩል ድርብ ክሮቼራ (ሁለት ክሮቼራ አንድ ላይ ተጋጥሞ) ያለው ሻፍት ሲገጠም ብቻ ነው፤ ድርቡ መዋዠቁን እዚያው ራሱ ውስጥ ያጠፋዋልና።

የእርስዎን ዓይነት መኪና በቁጥር እንየው። የትራንስፈሩ መውጫ ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ያዘቀዝቃል እንበል። ሻፍቱ 1.2 ሜትር ቢሆንና ከሊፍቱ በፊት 6.6 ዲግሪ ያዘቀዝቅ ከነበረ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሲጨመርበት 9 ይሆናል። ፒኞኑም እንደ ትራንስፈሩ በ3 ዲግሪ ቆሟል። ስለዚህ የፊተኛው ክሮቼራ የሚሠራበት ማዕዘን 9 ሲቀነስ 3፣ ማለትም 6 ነው፤ የኋላውም 6። ትልቅ ነው፣ ግን እኩል ነው። ባለ 4 ዲግሪ ሽብልቅ ፒኞኑን ወደ 7 ሲያነሳው የኋላው ማዕዘን ወደ 2 ይወርዳል፣ የፊተኛው 6 ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚጠፋፋ ነገር የለም። የሚተርፈው መዋዠቅ የሁለቱ ማዕዘኖች ካሬ ልዩነት ስኩዌር ሩት ነው፤ 36 ሲቀነስ 4፣ ሩቱ 5.7። አንድ ክሮቼራ ብቻውን በ5.7 ዲግሪ የሚፈጥረውን ንዝረት በገዛ ገንዘብዎ ገዝተዋል ማለት ነው።

ባላንስ ያልረዳዎትም ለዚህ ነው። ባላንስ የጎደለው ሻፍት በዙር አንድ ጊዜ ይመታል፣ የማዕዘን ስህተት ግን በዙር ሁለት ጊዜ። የጎማዎ ዙሪያ 2.5 ሜትር ገደማ፣ የዲፈረንሻሉ ሬሾ 4.1 ከሆነ በ80 ኪሎ ሜትር ሻፍቱ በደቂቃ ወደ 2,190 ዙር ይዞራል፤ በሰከንድ 36 መሆኑ ነው። የማዕዘን ንዝረት በሰከንድ ወደ 73 ጊዜ ስለሚመታ ወለሉና መቀመጫው ላይ እንደ ጥሩምባ ድምፅ የሚያጉረመርም ሆኖ ይሰማል። ባላንስ የጎደለው ጎማ ግን በዚያው ፍጥነት በሰከንድ 9 ጊዜ ብቻ ነው የሚመታው፤ እሱን እጅዎ መሪው ላይ ሆኖ በደንብ ይለየዋል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ባለ ማግኔት ዲጂታል ማዕዘን መለኪያ ያስፈልጋል። የስልክ መተግበሪያ ጥግ በሌለው ጠባብ ቦታ ላይ አንድ ዲግሪ በቀላሉ ስለሚስት አይተማመኑበት። መኪናው ጎማው ላይ ቆሞ፣ ብዙ ጊዜ የሚጭነውን ያህል ጭኖ፣ ነዳጁ በግማሽ ሆኖ ይለካል። ሻንሲው ላይ ክሪክ አድርገው አክሱሉ ተንጠልጥሎ የለኩት ቁጥር ከንቱ ነው፤ ይህ በየጋራዡ የምናየው ትልቁ ስህተት ነው። ጎማዎቹን በድንጋይ አስይዘው ማርሹን ነጻ ያድርጉ፣ የጭራውን ባሌስትራ ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁ፣ ከዚያ ሦስት ቦታ ይለኩ፦ የትራንስፈሩን ፍላንጅ ፊት፣ የሻፍቱን ቱቦ፣ የፒኞኑን ፍላንጅ ፊት። ፍላንጁ ላይ መለኪያውን ቆም አድርገው ሲያስይዙት 87 ካነበበ ማዕዘኑ 3 ነው። ቱቦው ላይ ሲያስይዙ ከብየዳውና ከተለጠፈው የባላንስ ብረት ይራቁ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ወደ ኋላ እንደሚያዘቀዝቅ ወይም እንደሚነሳ ይጻፉ፤ አቅጣጫው ካልተጻፈ ሲቀነስ ሊደመር፣ ሲደመር ሊቀነስ ይችላል። ወለሉ ትንሽ ዘንበል ቢል አያስጨንቅዎትም፤ የሚፈልጉት ልዩነቱን ነው።

ሁለቱ የሥራ ማዕዘኖች በ1 ዲግሪ ውስጥ መቀራረብ አለባቸው። ከ3 ዲግሪ በታች ቢሆኑ ክሮቼራው ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል። ዜሮ ግን አይሁኑ፤ ቢያንስ ግማሽ ዲግሪ ከሌለ የክሮቼራው ኩሽኔታ መርፌዎች ባሉበት ቆመው የመስቀሉን ክንድ ይቦረቡሩታል። ላይኛው ወሰን ከዙሩ ጋር ይሄዳል፤ በ2,000 ዙር 8.7 ዲግሪ፣ በ2,500 ዙር 7፣ በ3,000 ዙር 5.8፣ በ3,500 ዙር 5። የእርስዎ ሻፍት በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 2,730 ዙር ስለሚዞር 6 ዲግሪ ከወሰኑ በታች ቢሆንም ተጠግቶታል። ንዝረቱ ሽብልቁ ወጥቶም ከቀጠለ የትራንስፈሩን ማቀፊያ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ወይም ድርብ ክሮቼራ ያለው ሻፍት ማሠራት ነው፤ ያኔ የመካኒክዎ ሽብልቅ ቦታውን ያገኛል።

ሽብልቁን ለማውጣት ወደ ጋራዥ ሲሄዱ ሁለት ነገር ያሳዩ። አንደኛ፣ የሻፍቱ ሁለት ሹካዎች (ክሮቼራዎቹን የሚይዙት ጫፎች) በአንድ መስመር መሆናቸውን። ባላንስ ሲሠራ ሻፍቱ ተነጥሎ ከነበረ በተንሸራታቹ ጥርስ ላይ ተዛብቶ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጥርስ ብቻ ቢዛነፍ ከላይ ያልነው መጠፋፋት ይበላሻል። ሁለተኛ፣ ሻፍቱ ሊፍቱን ተከትሎ ስንት ወጣ? በምሳሌያችን ልኬት ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይሳባል፤ አክሱሉ ተንጠልጥሎ ሲወርድ ከዚያ በላይ ነው። ተንሸራታቹ ላይ ቀለም ቀብተው በሁለቱም ጽንፍ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ላንድክሩዘር 80 ነው፣ ሁልጊዜ ባለ አራት ጎማ የሆነው ዓይነት። 75 ሚሊ ሜትር ከፍ ካደረግኩት በኋላ መሪው መንገድ አልይዝ ስላለኝ የካስተር (የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን) ማስተካከያ ጎሚኒ አስገባሁ። መሪው ተስተካከለ፤ አሁን ግን ከ90 በላይ ከፊት ይነዝራል። (ከዱባይ)

መልስ፦ አንዱን ሲያድኑ ሌላውን ጎዱት፤ በዚህ መኪና ላይ ሁለቱ በአንድ አክሱል የታሰሩ ናቸው። የፊት አክሱሉን የሚይዙት ክንዶች ከኋላ በኩል ሻንሲው ላይ ስለተያዙ፣ መኪናው ሲነሳ አክሱሉ ወደ ፊት ይሽከረከራል። ካስተሩ ይቀንሳል፣ መሪው ይልወሰወሳል፤ ፒኞኑ ግን ወደ ላይ፣ ወደ ትራንስፈሩ ይቀናል። ጎሚኒው አክሱሉን ወደ ኋላ ሲመልሰው ካስተሩ ይመለሳል፣ ፒኞኑ ደግሞ ወደ መሬት ይደፋል። የእርስዎ መኪና የፊት ሻፍት ሳያቋርጥ ስለሚዞር ወዲያው ይሰማል።

መጀመሪያ ጥፋቱ ከፊት ሻፍት መሆኑን ያረጋግጡ። ሻፍቱንና ሹካዎቹን በቀለም ምልክት አድርገው ያውጡት፣ ሴንተር ዲፈረንሻሉን ይቆልፉ (ካልቆለፉ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ አይደርስም)፣ ለአጭር ርቀት በደረቅ አስፋልት ይንዱ። ንዝረቱ ከጠፋ ከፊት ነው። ሲመልሱት ምልክቱ ላይ በትክክል ይመልሱት፤ የሹካዎቹን አሰላለፍ «ላስተካክል» ብለው በዓይን ግምት አይቀይሩ።

ከዚያ ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ትንሽ ካስተር መስጠት ነው፤ ፋብሪካው ያስቀመጠው ወደ 3 ዲግሪ ነው፣ 2 ላይ ቢቆም ብዙ ሰው መሪውን ይወደዋል፣ ፒኞኑም አንድ ዲግሪ ይተርፍለታል። ሁለተኛው ከትራንስፈሩ በኩል ድርብ ክሮቼራ ያለው የፊት ሻፍት ማስገጠም ነው። በ75 ሚሊ ሜትር ሊፍት ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ የፒኞኑ በኩል ማዕዘን ግን ከ3 ዲግሪ እንዳይበልጥ ከጎሚኒው ጋር አብሮ ይለካ። ካስተርንና ፒኞንን ሙሉ በሙሉ ለመለየት አክሱሉ ጫፍ ላይ ያለው የመሪ እጅ መያዣ ተቆርጦና ዞሮ መበየድ አለበት። ይህ ትክክለኛ ማሰሪያ ያለው ቤት የሚሠራው ሥራ ነው፤ ለመንደር ብየዳ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ሃይሉክስ ፒካፕ፣ ከኋላ አንድ ተጨማሪ ባሌስትራ። በፍጥነት ላይ ሰላም ነው፤ ሲነሳ ግን እስከ 30 ድረስ ይንቀጠቀጣል፣ ሲጫን ይጠፋል። (ከጅማ)

መልስ፦ «ሲጫን ይጠፋል» ያሉት ምርመራውን ጨርሶልናል። የሃይሉክስዎ ሻፍት ሁለት ቁራጭ ነው፣ መሐሉን ባለ ጎማ ኩሽኔታ ይይዘዋል። ባዶ ሆኖ ጭራው ሲነሳ የኋለኛው ቁራጭ ይበልጥ ያዘቀዝቃል፣ ከፊተኛው ጋር የሚገናኙበት ክሮቼራ ማዕዘን ያድጋል። በመጀመሪያ ማርሽ ጉልበቱ ከፍተኛ ስለሆነ ያ ማዕዘን የመሐሉን ኩሽኔታ ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋዋል። ኩሽኔታውን ከሻንሲው በ10 ሚሊ ሜትር ብረት ዝቅ ያድርጉና ይሞክሩ፤ ካልበቃ 15። ብሎኑ በዚያው ልክ ይርዘም፣ ጥንካሬው ቢያንስ 8.8 ይሁን። ራንዴላ ደራርቦ ማስገባት ይንሸራተታል። የኩሽኔታው ጎማ ከተሰነጠቀ ግን አስቀድሞ ይቀየር፣ አለዚያ ያስገቡት ብረት ምን እንደሠራ ማወቅ አይችሉም።

ሳይጠይቁን አንድ ነገር እንጨምር፤ የሕይወት ጉዳይ ነውና። ብዙ ሃይሉክስ ላይ ከኋላ አክሱል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭራው ሲነሳ ቫልቩ «መኪናው ባዶ ነው» ብሎ የኋላ ፍሬኑን ጉልበት ይቀንሳል። የዘንጉ ማሰሪያ ሊፍቱን ያህል መስተካከል አለበት። የፍሬን ጎማ ቱቦዎችም አክሱሉ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ እንዳይወጠሩ ይታዩ።

ጥያቄ፦ ሽብልቅ ስገዛ ብረት ይሻላል አልሙኒየም? ወፍራሙስ ጫፍ ወዴት ይዙር? (ከጎንደር)

መልስ፦ ብረት። አልሙኒየም ኮረኮንች ላይ ይሰነጠቃል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ የባለ ዩ ብሎኖቹ ይላላሉ። በአንድ ጎን ከአንድ በላይ አይደራረብ፤ ከ4 ዲግሪ በላይ ካስፈለገ የባሌስትራው መቀመጫ ተቆርጦ እንደገና ይበየድ። የባሌስትራው መሐል ብሎን ራስ ሽብልቁን አልፎ መቀመጫው ጉድጓድ ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልደረሰ በረጅም ይቀየር።

ባሌስትራው ከአክሱሉ በላይ ከሆነ የኋላ ፒኞንን ለማንሳት ወፍራሙ ጫፍ ወደ መኪናው ጭራ ይዞራል፤ ከአክሱሉ በታች ከሆነ ወደ ፊት። ባለ ዩ ብሎኖቹና ዳዶዎቹ አዲስ ይሁኑ፣ መኪናው ጎማው ላይ ቆሞ በመስቀል ተራ በመመሪያው ልክ ይጠበቁ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ይደገሙ። ፒኞኑ በጣም ከተነሳ የፒኞኑ የፊት ኩሽኔታ ዘይት ሊርቀው ስለሚችል የዲፈረንሻሉን ዘይት መጠን በአዲሱ አቀማመጥ ያረጋግጡ።