ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሌሊት የሚነሳብኝ የአውራ ጣት ሕመም ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 52 ነው። የምኖረው ደምበጫ አካባቢ ነው፤ እርሻም ንግድም አለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት በፋሲካ ማግስት፣ ሌሊት፣ የግራ እግሬ አውራ ጣት ድንገት ተነሳብኝ። ቀላ፣ አበጠ፣ ጋቢ እንኳ ሲነካው አላስችል አለኝ። በሳምንቱ ድራሹ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመላልሶብኛል። አንድ ክሊኒክ «ኢንፌክሽን ነው» ብለው አሞክሳሲሊንና መርፌ ሰጡኝ። ሌላ ቦታ እግሬ እንዳበጠ ደሜን መርምረው «ዩሪክ አሲድህ ልክ ነው፣ ሪህ አይደለም» አሉኝ፤ ለማንኛውም ብለው ግን ሽሮ ከለከሉኝ። ባሕር ዳር የሚማረው ልጄ ደግሞ «መከላከያህ ራስህን እያጠቃህ ነው፤ ኦቶኢሚዩን ይባላል» ይለኛል። ጎረቤት በበኩሉ «ዝሆኔ ጀምሮት ነው» እያለ ያንሾካሹካል። ሴት ልጄን በጥር ልድር ስለሆነ ይህ ወሬ አስጨንቆኛል። የደም ግፊት ኪኒን እወስዳለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንቅልፍ ከነሳዎት ነገር ልጀምር። የነገሩኝ ሁሉ ዝሆኔ አይመስልም። ዝሆኔ በአንድ ሌሊት መጥቶ በሳምንት ድራሹ አይጠፋም። በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ፣ ቀስ በቀስ ከእግር መዳፍ ወደ ላይ እያበጠ የሚመጣ ነው። ዝሆኔ ያለበት ሰው እግሩ አልፎ አልፎ ግሎ ሊነሳበት ይችላል፤ ነገር ግን ግለቱ ሲበርድም እብጠቱ ጨርሶ አይለቅም። ደግሞም ጎረቤትዎ ይስማ፦ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፣ እርግማንም አይደለም። ጫማና የእግር ንጽሕና የሚከላከሉት በሽታ ነው። ልጅ ለመዳር የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የእርስዎ ታሪክ የሚመስለው ሪህን ነው። እኛ አገር የትኛውም የመገጣጠሚያ ሕመም ሪህ ስለሚባል ቃሉ ያደናግራል። እኔ የምለው ግን ዩሪክ አሲድ የሚያመጣውን ነው። ድንገት ሌሊት መነሳቱ፣ አውራ ጣት መሆኑ፣ ጋቢ እንኳ አለማስቻሉ፣ በሳምንት መጥፋቱ፣ ከበዓል ማግስት መሆኑ፣ የግፊት ኪኒኑ፤ ሁሉም ወደዚያው ያመለክታሉ።

አሁን ወደ ልጅዎ ልምጣ። ያነበበው ግማሹ ልክ ነው። ሕመሙን የሚፈጥረው በእርግጥም የራስዎ መከላከያ ነው። ግን ኦቶኢሚዩን የሚባለው ሌላ ነው። ልዩነቱን ማወቅ ለእርስዎም ይጠቅማል፤ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና።

በ1882 እ.ኤ.አ. ኤሊ ሜችኒኮፍ የተባለ ተመራማሪ ጣሊያን ውስጥ መሲና በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተቀምጦ አንድ ነገር ሞከረ። ገላው እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ የባሕር ኮከብ የሚባል የባሕር እንስሳ እጭ ወስዶ የጽጌረዳ እሾህ ሰካበት። በማግስቱ በአጉሊ መነጽር ሲያየው ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ከየአቅጣጫው መጥተው እሾሁን ከበውታል። የባሕር ኮከብ ክትባት አያውቅም፤ እንደ እኛ ፀረ እንግዳ አካል የሚባል፣ ባዕዱን ለይቶ የሚይዝ ነገርም አይሠራም። ሆኖም ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚከብብ ሠራዊት አብሮት ተወልዷል። ሜችኒኮፍ ለዚህ ሥራው በ1908 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እርሻ ላይ እሾህ ወግቶት እግሩ ቀልቶ ያበጠበት ሰው ሁሉ ይህን ሠራዊት ያውቀዋል።

በገጠር ቋንቋ ላስረዳዎት። ሌሊት ሌባ በረት ገባ እንበል። መጀመሪያ ያየው ሰው «ኡኡ! ድረሱልኝ!» ይላል። ጎረቤት ሽመሉን ይዞ ይወጣል። ማን እንደሆነ አይጠይቅም፣ መታወቂያ አያይም፤ በጨለማ ያገኘውን ይመታል። አጥር ይፈርሳል፣ ጎመን ይረገጣል። ይህ አብሮን የተወለደው መከላከያ ነው። ከወረዳ ፖሊስ መጥቶ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ሌባው በስሙና በመልኩ ተለይቶ የሚያዘው ቀናት ቆይቶ ነው። ይህ ሁለተኛው፣ ከሕይወት እየተማረ የሚሄደው መከላከያ ነው። ክትባት የሚያስተምረው እሱን ነው።

ኦቶኢሚዩን የሚባሉት በሽታዎች፣ ለምሳሌ ቆዳን፣ መገጣጠሚያንና ኩላሊትን የሚያጠቃው ሉፐስ፣ በዋናነት የፖሊሱና የዳኛው ስህተት ናቸው። ንጹሑን ሰው በስሙ ጠርተው ይከሱታል፤ መዝገቡ ስላለ ክሱ በየጊዜው ይቀጥላል። ሪህ ግን የኡኡታው በሽታ ነው። በእርግጥ በሁለቱ መካከል ያለው አጥር የተዘጋ አይደለም። የብዙ እጅ ጣቶችን መገጣጠሚያ የሚይዘው ሩማቶይድ አርትራይተስ ላይ ሁለቱም እጃቸው አለበት።

እርስዎ ጣት ውስጥ የሆነው እንዲህ ነው። ዩሪክ አሲድ ሰውነት አሮጌ ሕዋሳትንና አንዳንድ ምግቦችን ሲሰባብር የሚቀር ቆሻሻ ነው፤ አብዛኛውን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። በደም ውስጥ በዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ካለፈ ሟሙቶ መቆየት ያቅተዋል። ጨው በበዛበት ውኃ ታች እንደሚዘቅጥ ማለት ነው። ብርድ ደግሞ መዝቀጡን ያፋጥነዋል። የእግር ጣት ከሰውነት ሁሉ ቀዝቃዛው ጫፍ ነው፤ በጎጃም ደጋ ሌሊት ደግሞ አይነገርም። የዘቀጠው ነገር በአጉሊ መነጽር ሲታይ ምን ይመስላል መሰለዎት? መርፌ። ሁለት ጫፉ የሾለ መርፌ። የሜችኒኮፍ እሾህ ከውጭ የገባ ነበር፤ የእርስዎ ከውስጥ የበቀለ ነው።

በመገጣጠሚያው ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው ባዕድ ነገር ማግኘትና መዋጥ ነው። ያንን መርፌ ሲውጡ ውስጣቸው ኢንፍላማሶም የተባለ የማስጠንቀቂያ ደወል ይነሳል። ስሙ የወጣለት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሪህ መርፌዎች እንደሚቀሰቅሱት የታወቀው ደግሞ በ2006 ነው። ሂፖክራተስ ራሱ የጻፈበት ጥንታዊ በሽታ ምሥጢሩ የተገለጠው ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ደወሉ ሲደወል ኢንተርሉኪን አንድ የሚባል መልእክት ይወጣል። ኡኡታው እሱ ነው። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ሽመላቸውን ይዘው ይጎርፋሉ። መቅላቱ፣ መጋሉ፣ ማበጡ፣ ሕመሙ ሁሉ የዚያ ግርግር ውጤት ነው። ሌባ ግን የለም። አሞክሳሲሊን ያልረዳዎትም ለዚህ ነው፤ የሚገደል ባክቴሪያ አላገኘም።

«ታዲያ እንዴት በሳምንቱ ለቀቀኝ?» ይሉኝ ይሆናል። ኒውትሮፊሎቹ ሲሞቱ ከውስጣቸው እንደ መረብ ያለ ነገር ይዘረጋሉ። መረቦቹ ተያይዘው መርፌዎቹን ይጠቀልላሉ፤ ጩኸቱንም ያፍናሉ። ስለዚህ ሪህ ምንም ባይደረግለትም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበርዳል። በዚያ ሳምንት የተወጋ መርፌ፣ የተቀባ ቅጠል፣ የተዋጠ ኪኒን ሁሉ «አዳነኝ» ይባልለታል። የዩሪክ አሲድ መርፌዎቹ ግን እዚያው ጣትዎ ውስጥ ናቸው። ለወራት ዝም ብለው ይተኛሉ።

የሚቀሰቅሳቸው አንዱ የፋሲካ ማግስት ነው። ከ55 ቀን ጾም በኋላ በአንድ ቀን ጮማ፣ ጠላና አረቄ ሲገናኙ ዩሪክ አሲድ ድንገት ይዋዥቃል። በዚያ ላይ ከቅባት ምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚበዛው ስብ ማክሮፋጆቹን አስቀድሞ ያስቆጣቸዋል፤ በትንሽ ነገር ለመጮህ ዝግጁ ይሆናሉ። ከአልኮል መጠጦች በጥናት ከሁሉ የከፋው ቢራ ነው፤ ጠላም እንደ ቢራ ከእህልና ከእርሾ የሚጠመቅ በመሆኑ እኔ ለይቼ አላየውም።

ሽሮዎን ግን ይመልሱ። ይህን ክልከላ በሰማሁ ቁጥር እበሽቃለሁ። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከ47 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ሥጋና የባሕር ምግብ ሪህን እንደሚያበዙ፣ ጥራጥሬና አትክልት ግን እንደማያበዙ አሳይቷል። ወተት እንዲያውም ይቀንሰዋል። ሽሮና ምስር ከተከለከለ ጎጃሜ በጾም ምን ሊበላ ነው? የሚቀነሱት ጉበት፣ ኩላሊት፣ ቀይ ሥጋ፣ ጠላ፣ ቢራና አረቄ ናቸው። ለስላሳ መጠጦችም በስኳራቸው ምክንያት ዩሪክ አሲድ ይጨምራሉ።

«ዩሪክ አሲድህ ልክ ነው» የተባሉት ሕመሙ ላይ እያሉ ነው። በዚያ ሰዓት ቁጥሩ ወርዶ ሊታይ ይችላል። ሕመሙ ከለቀቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይድገሙት። ቁርጡን የሚናገረው ግን ከመገጣጠሚያው በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ የዩሪክ አሲድ መርፌዎቹን በአጉሊ መነጽር ማየት ነው። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ ባክቴሪያ የገባበት መገጣጠሚያ ከሪህ ጋር ይመሳሰላል፣ በቀናት ውስጥም አጥንት ያበላሻል። አንድ መገጣጠሚያ ግሎ ከፍተኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሕክምናው ሁለት ነው፤ ሰዎች ግን አንድ ያደርጉታል። አንዱ ኡኡታውን ማብረድ፣ ሌላው እሾሁን መንቀል።

ለማብረድ ኮልቺሲን የሚባል ጥንታዊ መድኃኒት አለ፤ ከአበባ ተክል የተገኘ ነው። የኒውትሮፊሎቹን እግር ያስራል፤ ደወሉንም ያለዝባል። በመጀመሪያው ቀን፣ በትንሽ መጠን ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ይበልጥ ልጨምርበት ማለት መርዝ ነው፤ ተቅማጥ ካመጣ ምልክት ሰጥቶዎታል። ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ክላሪትሮማይሲን ከኮልቺሲን ጋር አብሮ ከተወሰደ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ጨጓራ የማያመው ሰው እዚህ አገር ስንት ነው? ስለዚህ ለፋርማሲስቱ ሁለቱንም ይንገሩ። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና መሰሎቹም ያበርዳሉ፤ ነገር ግን ግፊት ላለበት፣ ጨጓራና ኩላሊቱ ላልተረጋገጠ ሰው በዘፈቀደ አይወጉም። ስቴሮይድ የሚባለው ዓይነት መድኃኒት ዴክሳሜታሶንም ቢሆን በሐኪም እጅ ለጥቂት ቀን ጥሩ ነው። ሕመም በመጣ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መዋጥ ግን ስኳርና የአጥንት መሳሳት ይዞ ይመጣል። ኡኡታውን ራሱን፣ ኢንተርሉኪን አንድን፣ ለይተው የሚያፍኑ መርፌዎችም ተሠርተዋል፤ ዋጋቸው ግን የሚቀመስ አይደለም።

እሾሁን የሚነቅለው አሎፑሪኖል ነው። ብዙ ጊዜ በቀን ከ100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ይጀመራል፤ ዩሪክ አሲድ ከ6 በታች እስኪወርድ በየጥቂት ሳምንቱ ከፍ ይላል። የሚወሰደው ለዓመታት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተከማቹት መርፌዎች መሟሟት ሲጀምሩ ሕመሙ ሊነሳ ይችላል። ብዙ ሰው «ይባስ አመመኝ» ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ በትንሽ ኮልቺሲን ያሻግርዎታል፤ አይጣሉት። የሚጣለው ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ወዲያው አቁመው በዚያው ቀን ይታዩ።

ልጅዎ ማንበብ ስለሚወድ አንድ ነገር ልጨምርለት። ሌባም እሾህም በሌለበት ዝም ብሎ ኡኡ የሚል መከላከያ ይዘው የሚወለዱ ሰዎች አሉ። የደወሉ ጂን ስለተበላሸ ብቻ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይመላለስባቸዋል። በሜዲትራኒያን አካባቢ የሚበዛው የቤተሰብ ትኩሳት ዋናው ምሳሌ ነው። እነዚህ በሽታዎች ከኦቶኢሚዩን ተለይተው ኦቶኢንፍላማቶሪ የሚል ስም ያገኙት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የቤተሰብ ትኩሳቱ የሚታከመውም በዚያው በኮልቺሲን ነው። ሪህ የእነዚህ የቅርብ ዘመድ ነው።

ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ ይህን ይወቁ። በልጅ ላይ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ከዘለለ፣ በተለይ ጉሮሮው ታሞ ከነበረ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሪህ አይደለም። ልብን የሚጎዳው የቁርጥማት ትኩሳት ሊሆን ስለሚችል በጊዜ ይታይ። እንጥል ማስቆረጥ አይከላከለውም፤ የሚከላከለው የታመመውን ጉሮሮ በፔኒሲሊን ማከም ነው።

ሠርጉ ጥር ከሆነ ገና ጊዜ አለ። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ወደሚቀርብዎት ሆስፒታል ይሂዱ፤ ዩሪክ አሲድና ኩላሊት ይመርመሩ። ሲሄዱ የግፊት ኪኒንዎን ከነካርቶኑ ይያዙ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ ዩሪክ አሲድ የሚጨምር ነው፤ በራስዎ እንዳያቋርጡት፣ ግን «ወደ ሎሳርታን ሊቀየርልኝ ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። እሱ ግፊቱንም ያወርዳል፣ ዩሪክ አሲዱንም ትንሽ ይቀንሳል።