እግራችሁን ጠብቁ

ልጆቼ፣

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አራዳ ጊዮርጊስ በር አጠገብ ቆም ብላችሁ መንገዱን ተመልከቱ። ታክሲ ውስጥ ያለው ቆቡን አንሥቶ ያማትባል፤ መንገደኛው ጎንበስ ይላል፤ እናቶች ግንቡን ይሳለማሉ። ከተማችን ይህን ልማድ አልጣለችውምና እግዚአብሔር ይመስገን። እኔን የሚያሳስበኝ ልማዱ ብቻ ቀርቶ ልቡ እንዳይሄድ ነው። መጽሐፈ መክብብ ወደ እግዚአብሔር ቤት ስትገባ እግርህን ጠብቅ ይላል። በእርግጥም ነገሩ የሚጀምረው ከእግር ነው።

በሩጫ የመጣ ሰው ፈሪሃ እግዚአብሔርን ይዞ አይገባም። ትንፋሹ ሳይሰበሰብ ወንጌሉ ይነበባል፤ ሰው እየገፋ፣ ጫማ ማኖሪያ እየፈለገ የራሱንም የጎረቤቱንም ጸሎት ይበትናል። ስለዚህ ቅዳሴ ከመግባቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ጫማችሁን የምትይዙበት የጨርቅ ከረጢት አትርሱ፤ ልባችሁ በር ላይ ከቀረው ጫማ ጋር እንዳይቀር። ሙሴ በቁጥቋጦው ፊት ጫማህን አውልቅ የተባለው መሬቱ የተቀደሰ ስለነበር ነው፤ የእኛም ምክንያት ይኸው ነው።

ስታማትቡ አትቸኩሉ። አመልካች ጣታችሁን ከአውራ ጣታችሁ ጋር አመሳቅሉና ከግንባር ወደ ታች፣ ከዚያ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ውሰዱት። የመጀመሪያው ጌታ ከሰማይ መውረዱን፣ ሁለተኛው ከጨለማ ወደ ብርሃን መመለሳችንን ይናገራል። ዝንብ እንደሚያባርር ደረት ላይ የሚወናጨፍ እጅ ከዚህ አንዱንም አይናገርም። ነጠላም እንዲሁ ነው፦ በሁለቱ ትከሻ ተጥሎ ደረት ላይ መስቀል ይሥራ። ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጦ መልበስ የሐዘን ነው።

ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ ይቆማሉ። ከሦስቱ የቤተ ክርስቲያን ክፍሎች ቅኔ ማኅሌቱ የመዘምራን፣ ቅድስቱ የሚቆርቡት የሚቆሙበት፣ መቅደሱ የታቦቱ ነው፤ ወደ እርሱ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይዘልቅም። አራዳ ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ሆኖ ቢታነጽም ውስጡ ይህንኑ ሥርዓት ይዟል። የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች ማየት የምትፈልጉ ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት ሂዱ።

ስልክ ይጥፋ። ድምፁን ቀንሶ መያዝ አይበቃም፤ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ዲያቆኑ «ንነጽር» እያለ ሐሳባችሁ ማን ደወለልኝ ወደሚል ይሄዳል። ንነጽር ማለት እኮ እናስተውል ማለት ነው! ውዳሴ ማርያም የምትደግሙ ከስልክ ይልቅ ከመጽሐፍ ድገሙ። የምትቆርቡም 18 ሰዓት ከምግብ መከልከሉን ከዋዜማው አስቡበት፤ ሌሊት ላይ ሰዓት መቁጠር ጭንቀት ነው።

ከሰኞ እስከ ዓርብስ? ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ሜዳ ላይ ካደረ በኋላ «እግዚአብሔር በእውነት በዚህ ስፍራ ነው፤ እኔ አላወቅሁም ነበር» አለ። ቤተ መቅደስ በዚያ አልነበረም። መሥሪያ ቤታችሁም እንደዚያ ሜዳ ነው። 3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ የወረደበት፣ 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ነው። ወንበራችሁ ላይ እንዳላችሁ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ብትሉ ሥራ አይበደልም። በዚያው ወንበር ላይ ያልሠራችሁበትን ሰዓት ፈርማችሁ አበል ብትወስዱ ግን ጸሎቱን ራሳችሁ አፈረሳችሁት። መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው ይላል፤ 900 ግራም መዝኖ የኪሎ ዋጋ የሚቀበል ነጋዴም፣ ያልተሠራ ሰዓት የሚያስከፍል ባለሙያም እኩል ይሰሙታል። ጊዮርጊስን ተሳልሞ አራት ኪሎ ሳይደርስ በመልስ የተነሣ ወያላውን የሚሳደብም አለ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለ መውጫውም ልንገራችሁ። «እትዉ በሰላም» (በሰላም ግቡ) ሳይባል አትውጡ። በር ላይ ለሚቀመጡት ነዳያን ዝርዝሩን ከቤት አዘጋጁ፤ እዚያ ቆሞ ቦርሳ መበርበር እነርሱንም ያሳቅቃል፣ ከኋላ ያለውንም ሰው ያግዳል። ሳንቲሙን ከላይ አትጣሉ። ዝቅ በሉና በእጃቸው ስጡ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲሏችሁም «አሜን» ሳትሉ አትለፉ።