ነበልባሉ ለምን ቢጫ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ከጋዝ ምድጃችን አንዱ ማንደጃ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ድስቱን በጥላሸት ያጠቁራል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጤነኛ ነበልባል ሰማያዊ ነው። ቢጫ የሚሆነው ጋዙ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ገንፍሎ የፈሰሰ ምግብ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል፣ ወይም የማንደጃው ክዳን በቦታው አልገጠመም። ጋዙን ከሲሊንደሩ ይዝጉ፤ ምድጃው ይቀዝቅዝ። የማንደጃውን ራስና ክዳን አውጥተው ለብ ባለ የሳሙና ውሃ 20 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ ከዚያ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በመርፌ ይክፈቱ። ስቲኪኒ አይሞክሩ፣ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል። ፈጽሞ ሳይደርቅም አይግጠሙት፤ እርጥበቱ ነበልባሉን ያቆራርጠዋል። ቢጫነቱ ካልለቀቀ የአየር ማስገቢያውን ባለሙያ ያስተካክል። እስከዚያ ግን አደራ፣ አይለኩሱት! በደንብ ያልነደደ ጋዝ ሽታ የሌለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል።