ነዳጅ ባሕር ላይ ቢፈስ ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ከፒያሳ ነው የምጽፈው። ነዳጃችን የሚመጣው በጅቡቲ ነው። መርከብ ባሕር ላይ ቢያፈስ ኮምፒውተር አስቀድሞ ምን ሊነግረን ይችላል?

መልስ፦ መቼ እንደሚፈስ አይነግርህም፣ ወዴት እንደሚሄድ ግን ይገምታል። ሽሮህ ላይ የተንሳፈፈውን ዘይት እስቲ እፍ በለው፤ ወደ ዳር ይሸሻል አይደል? ባሕር ላይም እንደዚያው ነው። ነዳጁ ከውሃው ፍሰት ጋር ይጓዛል፣ በዚያ ላይ ነፋሱ ከራሱ ፍጥነት 3 በመቶ ያህል ይጨምርለታል፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገፋዋል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ያለፉትን ዓመታት የነፋስና የፍሰት መረጃ እየቀያየረ ይህንኑ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ ያሰላል። ከዚያ የትኛው ዳርቻ ብዙ ጊዜ እንደሚመታና ነዳጁ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርስበት ይታያል። ነዳጁን የሚያግደው ተንሳፋፊ ማገጃ ቀድሞ መቀመጥ ያለበት እዚያ አጠገብ ነው። በተለይ ማንግሮቭ የሚባሉት፣ ባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ዛፎች ካሉ! ሥሮቻቸው መካከል የገባ ነዳጅ በቀላሉ አይጸዳም፣ ብዙ ዓሣም የሚያድገው እዚያው ነው።