ጥያቄ፦ የልጅነት የሬስሊንግ ጀግናችሁ ማን ነበር? ለስፖርቱስ ምን ጨመረ?

ለኔ ሬይ ሚስቴሪዮ ነው፣ ሌላ ማንም የለም። ቡራዩ እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ነበር የምናየው። ከክፍላችን አጭሩ እኔ ነበርኩ። እሱም 1 ሜትር ከ68 ብቻ ነው! ተጋጣሚው ገመዱ ላይ ሲደፋለት እየሮጠ ይመጣና ገመዶቹን በሁለት እጁ ይዞ፣ በመሃላቸው ተወንጭፎ ፊቱን በእግሩ ሲለው ቤቱ በጩኸት ይናጋል። 619 የሚባለው የታወቀ ምቱ ያ ነው፤ ቁጥሩ ያደገበት የሳን ዲዬጎ አካባቢ የስልክ ኮድ ነው።

ምን ጨመረ ላልከው፣ የሜክሲኮን የአየር ላይ ትግል ለአሜሪካ ተመልካች ካስለመዱት ዋናው ነው። ያኔ ትልቁ የሻምፒዮና ቀበቶ በአብዛኛው የግዙፎች ነበር። በፈረንጆቹ 2006፣ ሬስልማኒያ 22 በተባለው ትልቁ ዓመታዊ የሬስሊንግ ዝግጅት ላይ፣ ራንዲ ኦርተንንና ከርት አንግልን ባንድ ግጥሚያ አሸንፎ ወሰደው። እኔ ያን ቀን አልቅሻለሁ።